አንበሳ ልቀርጽ ተነስቼ

ውሸቱ የኔ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ገነት ታሪኩን በራሷ መንገድ ታወራውና ቀጣፊዋ እኔ ሆኜ እቀራለሁ። ገነት ዛሬም አለች፣ ዛሬም ትዋሻለች፣ ዛሬም ከሷ የሚበልጥ ጓደኛ የለኝም።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰባዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሁለታችንም አሜሪካ፣ ዌስትውድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን። እኔ ኬሚስትሪ አጠናለሁ፤ ገነት ደግሞ በዚያ ሰሞን ልቧ የወደደውን ሁሉ ታጠናለች። ዛሬ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባለው፣ ቅዳሜና እሁድ መኪና ፓርክ ለማድረግ ሰው የሚጣላበት የፌርፋክስ ጎዳና ያኔ አንድም የአማርኛ ጽሑፍ አልነበረበትም። የሰፈሩ ሰው አብዛኛው በዕድሜ የገፋ አይሁድ ነው። እኛ ከኦሊምፒክ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ቢጫ ቤት ውስጥ ተከራይተን ነበር። ላይ እኛ፣ ታች የቤቱ ባለቤት ሚስስ ፐርል።

እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም እኔ ሚስስ ፐርልን በልቤ ሁሌም አንቱ ነበር የምላቸው። ቁመታቸው ከትከሻዬ አይደርስም። ጆሯቸው ላይ የመስሚያ መሣሪያ ያደርጋሉ፤ ሊሰሙት የማይፈልጉት ወሬ ሲመጣ ጠቅ አድርገው ያጠፉታል። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ግን መሣሪያው ሁልጊዜ እንደበራ ነው። በፋሲካ ጓደኞቻችን ተሰብስበው ጭፈራው ሲደራ የሳቸው ጣሪያ ላይ የተሰቀለው አምፖል ወልቆ ሾርባቸው ውስጥ ገባ። ሳህኑን እንደያዙ ደረጃውን ወጥተው መጡ።

"ይሄ ይታያችኋል?" አሉን።

ይታየናል። አምፖሉ ካሮቱ መሐል ተኝቷል።

"አንድ ጊዜ ብቻ ቢደገም ሻንጣችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ውስጥ በካልሲ ነበር የምንሄደው። እንግዳ ሲመጣም በሹክሹክታ ነው የምናወራው።

ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ትልቅ ጥድ ነበር። የሚስስ ፐርል ባል ሚስተር ሞሪስ ቤቱን የገዙ ጊዜ በእጃቸው የተከሉት ነው። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ዛፉም ቀስ በቀስ ደረቀ። ቅጠሉ ረገፈ፣ ቅርንጫፉ መንገድ ላይ መውደቅ ጀመረ። በመጨረሻ ከከተማው ቢሮ አንድ ኢንስፔክተር መጣና "መንገደኛ ላይ ይወድቃል፤ መነሳት አለበት" ብሎ ሄደ። አንድ ሐሙስ ሠራተኞች መጡና ቅርንጫፉንና ጫፉን ቆረጡት። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ የሚል ወፍራም ግንድ ብቻ ቀረ። እሱን ሰኞ ከነሥሩ ሊያነሱት በትልቅ ማሽን እንደሚመለሱ ተናግረው ሄዱ።

አርብ ከሰዓት ከክፍል ስመለስ ሚስስ ፐርል ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፣ ገነት አጠገባቸው። የሚስስ ፐርል ዓይን ቀልቷል፤ ግን ፈገግ ይላሉ። እኔን ሲያዩ ተነስተው ሁለቱንም እጆቼን ያዙኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ትሑት ናት አላልኩዎትም?" አለች ገነት።

ሚስስ ፐርል እጆቼን ገልብጠው መዳፌን አዩት። "ጓደኛሽ ሁሉንም ነገረችኝ። አባትሽ፣ አያትሽ፣ ቅድመ አያትሽ፣ ሁሉም እንጨት ቀራጮች። ለነገሥታት የሚሠሩ! አንቺም ከልጅነትሽ ጀምሮ መሮ ይዘሽ ያደግሽ!"

ወደ ገነት ዞርኩ። ገነት ሰማይ ሰማዩን ታያለች።

እውነቱን ልንገራችሁ። አባቴ ከእንጨት ጋር የነበራቸው ግንኙነት አጣና መሸጥ ብቻ ነው። ነገሥታት ቀርተው የቀበና ሰው እንኳ ሳይከራከራቸው አይገዛቸውም ነበር። እኔ ደግሞ በሕይወቴ የጠረብኩት እንጨት እርሳስ ነው።

"ኢንስፔክተሩ ጋ ደወልኩ" አሉ ሚስስ ፐርል። "ግንዱ ጠንካራ ነው፣ አይወድቅም፣ ግን ሕጉ የደረቀ ዛፍ ይነሳ ይላል አለኝ። ሐውልት ቢሆንስ? አልኩት። ሐውልት የኔ ዲፓርትመንት አይደለም አለኝ። ገባሽ? የሱ ዲፓርትመንት አይደለም! እስከ ሰኞ ሐውልት ከሆነ ሞሪስ የተከለው ዛፍ እዚሁ ይቆማል።"

ፎቅ ወጥተን በሩን እንደዘጋሁ ገነትን በሹክሹክታ ጮህኩባት። በሹክሹክታ መጮህ እንደሚቻል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

"ምንድነው ያደረግሽው?"

"አለቀሱ፣ ትርሲት! ምን ላድርግ? የሚያለቅስ ሰው ፊት እኮ አፌ ዝም አይልልኝም።"

"ታዲያ ቀራጯ ለምን አንቺ አትሆኚም?"

ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችኝ። በቀይ ቀለም የተቀቡ ረጃጅም ጥፍሮች። "በዚህ ጥፍር ማን ያምነኛል? ሶ አንቺን አልኩ።"

"ምን እቀርጻለሁ ብለሽ ነው የነገርሻቸው?"

"አንበሳ።"

"አንበሳ! ለምን አንበሳ?"

"ሌላ ነገር አልመጣልኝም።"

"አሁን ወርጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።"

"ኦኬ፣ ሂጂ" አለች ገነት አልጋዋ ላይ እየተጋደመች። "ስትመለሺ ሻንጣሽን ፓክ አድርጊ። የኔንም አብረሽ ፓክ ብታደርጊልኝ ደስ ይለኛል።"

ወረድኩ። የምናገረውን በልቤ ደርድሬ በሩን አንኳኳሁ። ሚስስ ፐርል የከፈቱት በአንድ እጃቸው የብስኩት ሳህን፣ በሌላው ደግሞ የሚስተር ሞሪስን ፎቶግራፍ ይዘው ነው።

"አሁን ልጠራሽ ስል መጣሽ" አሉ። "ዛሬ ከስንት ጊዜ በኋላ ምሳዬን ጨርሼ በላሁ። ንገሪኝ፣ ምን ልትይኝ ነበር?"

ፎቶግራፉን አየሁት። ሚስተር ሞሪስ ጢማቸውን ተላጭተው፣ የአፋቸው ጫፍና ጫፍ ወደ ታች ወርዶ፣ አኩርፈው ይሁን ሊስቁ ሲሉ ሳይታወቅ ያዩኛል።

"ነገ ጠዋት እንደምጀምር ልነግርዎት ነው" አልኩ።

በማግስቱ ጋሼ ዘውዴ መሣሪያ ይዞልን መጣ። ጋሼ ዘውዴ ከኛ በዕድሜ ይበልጣል። ፖለቲካል ሳይንስ ሊማር መጥቶ ፒኮ ጎዳና ላይ ያለ አንድ ትልቅ ሕንፃ የሜይንቴናንስ ሠራተኛ ሆኖ የቀረ፣ ከስሙ በፊት ጋሼ ካልተባለ ሰላምታ የማይመልስ ሰው ነው። መኪናው ውስጥ መሮ፣ መዶሻ፣ የእንጨት ሞረድና አንድ የሞተር መጋዝ ጭኗል።

ግንዱን ዞሮ ዞሮ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

"መጋዙን እኔ ነኝ ሀንድል የማደርገው። አንቺ መሮውን ያዢ። ግን ከመጀመርሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አንበሳ በአንድ እግሩ ስንት ጣት አለው?"

የራሴን ጣቶች አየሁ።

"ይቆማል እንጂ እግሩ አይታይም" አለች ገነት። "ሣር ውስጥ ነው ያለው።"

"እሺ ጅራቱስ?"

"ከኋላ ነው፣ ከኋላ ማን ያያል?"

ጋሼ ዘውዴ መጋዙን አስነሳ። ድምፁ ሰፈሩን በሙሉ ወደ መስኮት አወጣው። ቅርፊቱን ሸለቀቀውና የጭንቅላት ያህል ቦታ ከላይ፣ የትከሻ ያህል ደግሞ ከታች ከፋፈለልኝ። ከዚያ አጥፍቶ ገለል አለ። "ያንቺ ነው" አለኝ።

መሮውን ደገንኩና በመዶሻው መታሁት። አልገባም። ጠንከር አድርጌ መታሁት። አንድ ቀጭን ፍልጥ ተነስታ ጉንጬን ነካችኝ። ከውስጡ ቢጫ ወደ ቀይ የሚያደላ እንጨት ወጣ፤ ሽታው የአዲስ ቁም ሣጥን ነው። ደግሜ መታሁት። እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ዓመት ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ጠብታ ስቆጥር አንድም ቀን እጄ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ፈርቼ ነበር የጀመርኩት፤ ትንሽ ቆይቶ መፍራቴን ረሳሁት።

መቼም ጎፈር የሚባለው ነገር ለጀማሪ የተሠራ ነው። ወዲያም ብትቦረቡረው ወዲህ ጎፈር ይሆናል። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ወደ ምኩራብ የሚሄዱት ሰዎች ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ እየቆሙ አዩኝ። ፖስተኛው ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ተቀመጠ። ገነት ለመጣው ሁሉ ስለ ቅድመ አያቴ ትናገራለች፤ ባወራች ቁጥር ቅድመ አያቴ ያገለገሏቸው ነገሥታት ይበዛሉ። ሚስስ ፐርል በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "ግሩም!" ይሉኛል።

ከምሳ በኋላ ወደ አፍንጫው ደረስኩ።

ጥፋቱ የመሮው አይደለም፣ የእንጨቱም አይደለም። በራሴ ተማምኜ ነበር፤ ችግሩ እሱ ነው። ፖስተኛው እያየኝ ስለሆነ ትንሽ ከፍ አድርጌ መታሁ። ቋ! የሚል ድምፅ ተሰማ። የአንበሳው አፍንጫ እንዳለ ተገንጥሎ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ፖስተኛው ቦርሳውን አንስቶ መንገዱን ቀጠለ። ጋሼ ዘውዴ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን አነሳና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

"አሁን ምን ይሁን?" አልኩ።

"ዝንጀሮ እንበለው" አለች ገነት።

"ዝንጀሮ እንዲህ ዓይነት ፀጉር የለውም" አለ ጋሼ ዘውዴ።

ላስተካክለው ሞከርኩ። አፍንጫው ከቀረው እንጨት እንዲወጣ ጉንጩን ሸረፍ ሸረፍ አደረግኩ፤ ጉንጩ ጎደጎደ። ጉንጩን ሳስተካክል አገጩ ወጣ። አገጩን ስነካ አፉ ወደ ታች ወረደ። ባስተካከልኩት ቁጥር አንበሳው እየሸሸኝ ሄደ፤ በሱ ፈንታ የሆነ ሰው መጣ። መጥታ ቁጭ ያለችው ፀጉር ቤት ሄዳ ፀጉሯን ከፍ አድርጋ ያሠራች፣ ነገር ዓለሙ ያላማራት አንዲት ትልቅ ሴት ናት።

በሩ ተከፈተ። ሚስስ ፐርል ወጡ።

ሮጬ ልጠፋ አሰብኩ፤ መሮው እጄ ላይ ነው። ሚስስ ፐርል ደረጃውን ቀስ ብለው ወርደው ግንዱ ፊት ለፊት ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት። ፊታቸው ቀላ።

"በርታ!" አሉ።

ከዚያ ደረጃው ላይ ዘፍ ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ገነት ሮጣ ሄዳ አቀፈቻቸው። እኔ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እላለሁ። እጃቸውን ከፊታቸው ሲያነሱ ለካ እየሳቁ ነው። እንባቸው እስኪወርድ፣ መስሚያ መሣሪያቸው ከጆሯቸው እስኪወልቅ ይስቃሉ።

በርታ የሰው ስም ነው፤ የሚስተር ሞሪስ እህት ናቸው። ሁለት መንገድ አልፎ ነው ቤታቸው። በቀብሩ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሚስስ በርታ ወንድማቸውን የገደለው የሚስስ ፐርል ሾርባ ነው ብለው ተናገሩ፤ ጨው ይበዛበታል፣ ስቡ አይወጣለትም ብለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አይነጋገሩም። አንደኛዋ ስትመጣ ሌላኛዋ መንገድ ታቋርጣለች።

"ራሷን ናት" አሉ ሚስስ ፐርል ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ይሄ አፍ! ይሄ ፀጉር! ቦርሳ ጨምሪላት። በርታ ከመኝታ ቤቷ ወደ ወጥ ቤቷ እንኳ ያለ ቦርሳ አትሄድም።"

"ግን እኮ አንበሳ..." አልኩ።

"አንበሳው ይቅር። አንገቷ ላይ ደግሞ የበግ ጠጉር ያለው ካፖርት አድርጊላት። በዚህ ሙቀት ትለብሰዋለች።"

የጎፈሩ ጫፍ ያለ ምንም ድካም የካፖርት አንገትጌ ሆነ። እሁድ ጠዋት ቦርሳውን ጀመርኩ። ያን ጊዜ ግን ሥራው ደስ አላለኝም። እስካሁን የነበረው ቀልድ በኔ ላይ ነው፤ አሁን በማላውቃቸው ሴትዮ ላይ ሆነ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ያይና አፉን ይዞ ይስቃል፤ ሁሉም ሚስስ በርታን ያውቃቸዋል።

"ይቺ ሴትዮ ብታየው ላውየር ይዛ ነው የምትመጣው" አለኝ ጋሼ ዘውዴ። "አሜሪካ ነው እንግዲህ። እኔ መሣሪያ አዋሽ እንጂ ሌላ ነገር አላውቅም፣ ይሄን ቀድሜ ልንገርሽ።"

"አያዩትም" አለች ገነት። "በዚህ መንገድ ማለፍ ትተዋል እኮ።"

ይህን ብላ አፏን ሳትዘጋ ከመንገዱ ጥግ አንድ የበግ ጠጉር አንገትጌ ብቅ አለ።

ሰው ነግሯቸው መሆን አለበት። ወፍራም፣ ቀጥ ያሉ፣ ፀጉራቸው ወደ ላይ የተከመረ፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ሆዳቸው ላይ የያዙ ሴት ናቸው። አፋቸው ወደ ታች ወርዷል። ከእንጨቱ የሚለያቸው መራመዳቸው ብቻ ነው። ሚስስ ፐርል በመስኮት ያዩ ነበር፤ መጋረጃው ድንገት ተዘጋ። ጋሼ ዘውዴ መኪናው ውስጥ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመረ።

ሚስስ በርታ ሐውልቱ ፊት ቆሙ። ቀስ ብለው ዞሩት። ከኋላው ሲሆኑ አይታዩኝም፤ የጫማቸው ድምፅ ግን ይሰማኛል። ተመልሰው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

"ማነው የሠራው?"

የገነትና የጋሼ ዘውዴ ጣት እኩል ወደ እኔ ተዘረጋ።

"ማን ናት?" አሉኝ።

"ንግሥት ናት!" አለች ገነት። "የጥንት ንግሥት፤ በኛ አገር..."

"አንቺን አልጠየቅሁም" አሉ ሚስስ በርታ ዓይናቸውን ከኔ ላይ ሳያነሱ።

ገነት ዝም አለች። ሰው ገነትን ዝም ሲያሰኛት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ውሸት አልመጣልኝም። እውነቱም ቢሆን ምን እንደሚያመጣብኝ አላውቅም፤ ግን አፌ ላይ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

"አንበሳ ልሠራ ነው የተነሳሁት" አልኳቸው። "ቀራጭ አይደለሁም። ከትናንት በፊት መሮ ይዤ አላውቅም። አፍንጫው ተሰበረብኝ። ላስተካክለው ስሞክር እርስዎን መሰለ። አውቄዎት አይደለም፤ አይቼዎት አላውቅም ነበር። ቦርሳውና ካፖርቱ ግን ሆን ተብሎ ነው የተጨመረው። ካስከፋዎት አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።"

መዶሻውን አነሳሁ። ሚስስ በርታ ክንዴን ያዙኝ።

ቦርሳቸውን ክርናቸው ላይ አንጠለጠሉና ባዶ እጃቸውን ዘርግተው የእንጨቱን አፍ ነኩት። በአውራ ጣታቸው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ዳሰሱት። ልክ ዓይኑ የማያይ ሰው ፊት ሲዳስስ እንደሚያደርገው።

"ይሄ የኔ አፍ አይደለም" አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። "ይሄ የወንድሜ አፍ ነው። የአባታችንም አፍ እንዲህ ነበር።"

ፎቶግራፉ ትዝ አለኝ። አርብ ዕለት ለአፍታ ያየሁት ፊት እጄ ውስጥ ሲኖር እኔ አላወቅኩም ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሚስስ ፐርል ብቅ አሉ። መስሚያ መሣሪያቸውን ያኔ አጥፍተውት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እንጃ። ደረጃውን ወርደው ከሚስስ በርታ ጎን ቆሙ። ሁለቱም እንጨቱን ነው የሚያዩት፤ አይተያዩም። ሚስስ ፐርልም አሁን ታያቸው። ትናንት ሲስቁበት የዋሉት አፍ የባላቸው መሆኑን ሲያውቁ አየኋቸው።

ሚስስ ፐርል መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"ሞሪስ ቦርሳ አይዝም ነበር" አሉ ሚስስ ፐርል።

"አንቺ ብትፈቅጂለት ይይዝ ነበር" አሉ ሚስስ በርታ።

"ካፖርትሽ አያሞቅሽም?"

"ያሞቀኛል።"

ገነት ክንዴን ቆንጥጣ ይዛኛለች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል።

"ሾርባ ሠርቻለሁ" አሉ ሚስስ ፐርል።

"ያንኑ ሾርባ?"

"ያንኑ ሾርባ።"

ሚስስ በርታ ቦርሳቸውን መልሰው በሁለት እጃቸው ያዙ። "ጨው ከበዛበት እነግርሻለሁ" አሉና ደረጃውን ቀድመው ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ከክፍል ቀረሁ። የከተማው መኪና ትልቁን ማሽን ጎትቶ መጣና ቤቱ ፊት ቆመ። ኢንስፔክተሩ ወርዶ ሦስት እርምጃ ያህል መጣና ቀጥ አለ። በሐውልቱ ቀኝ ሚስስ ፐርል፣ በግራው ሚስስ በርታ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ሚስስ በርታ ካፖርታቸውን ለብሰዋል፣ ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ ነው፣ አፋቸው እንደተለመደው ወርዷል። ኢንስፔክተሩ እንጨቱን አየ፣ ሚስስ በርታን አየ፣ ደግሞ እንጨቱን አየ።

"እሜቴ፣ ይሄ... እርስዎ ነዎት?"

"አንተ ምን ይመስልሃል?" አሉት።

ብልህ ሰው ነው። "በጣም ያምራል" አለ። ከዚያ ግንዱን በጡጫው መታ መታ አደረገው፣ በትከሻው ገፋው፣ ሥሩን በጫማው ነካካው። ንቅንቅ አላለም።

"ዛፍ ነው ወይስ ሐውልት?" ሲል ጠየቀ።

"ሐውልት!" አልን ሁላችንም፤ ጋሼ ዘውዴ መንገዱ ማዶ ካቆመው መኪናው ውስጥ ሳይቀር።

"እንግዲህ የኔ ዲፓርትመንት አይደለም" አለና ለሠራተኞቹ በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ማሽኑ እንደመጣ ተመለሰ።

እሱ ግን አልሄደም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኛ ሰፈር ያለው መናፈሻ ውስጥ አንድ የደረቀ ዛፍ አለ። ሚስቴ በልጅነቷ የምትጫወትበት ነው። ይቆረጥ ባልኩ ቁጥር ራት አትሰጠኝም። አንቺ... አንበሳ መሥራት ትችያለሽ?"

ገነት አፏን ከፈተች። ቀደምኳት።

"አልችልም" አልኩት። "ግን የሚወጣውን መጥቼ ልይ።"

አንባብያን ሆይ፣ የሆነው ይሄ ነው። ኬሚስትሪውን ጨርሼ ዲግሪዬን ወሰድኩ፤ እናቴ ፍሬም አድርጋ ሰቀለችው እንጂ እኔ አንድም ቀን አልሠራሁበትም። ከዚያ መናፈሻ በኋላ አንድ ትምህርት ቤት ጠራኝ፣ ከትምህርት ቤቱ በኋላ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ እንዲህ እያለ ሄደ። በዚህ ከተማ ውስጥ ሊቆረጡ ቀን የተቆረጠላቸው ብዙ ዛፎች ዛሬ በኔ እጅ ወፍም፣ ዓሣም፣ ሰውም ሆነው ቆመዋል። አንዳንዱ ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ልጆች ግን ይወጡበታል። ሚስስ ፐርልና ሚስስ በርታ በየእሁዱ ስለ ጨው እየተጣሉ ብዙ ዓመት አብረው በሉ። ገነት ቤት ሻጭ ሆነች፤ የዋሸችው ሁሉ እውነት ሆኖ ሲሸጥላት ይኸው እስከ ዛሬ አለች።

ልጆቻችሁ "ገና አልተዘጋጀሁም" ሲሏችሁ ይህን ንገሯቸው አልልም። እኔን ያዘጋጀኝ ሰው የለም፤ የጓደኛዬ አፍ ነው ገፍቶ የከተተኝ። ግን ያን እሁድ አልረሳውም። ውሸቱ ሁሉ አልቆ እውነቱን ስናገር እጄ ላይ የነበረው መዶሻ ቀለለኝ። ሚስስ በርታ ያንን አፍ ሲዳስሱ ደግሞ አንድ ነገር ገባኝ፤ እንጨት ላይ የሚወጣው እኔ ያሰብኩት አይደለም፣ ቤቱ ውስጥ ተደብቆ የቆየው ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሰዎች "የደረቀ ዛፍ አለን፣ ነይና እይልን" ብለው ሲጠሩኝ መጀመሪያ ዛፉን አላየውም። ገብቼ እቀመጥና በዚህ ቤት ማን ከማን ጋር ተኳርፏል ብዬ እጠይቃለሁ። ይደነግጣሉ። "እኛ የጠራንሽ ለእንጨቱ ነው" የሚሉኝ አሉ። አልነሳም። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ሌላው ወደ መስኮቱ ይዞራል፤ ከዚያ ማውራት ይጀምራሉ። መሮዬን ከቦርሳዬ የማወጣው ያን ጊዜ ነው።